መርዶ በእንግሊዝኛ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጣላን።

ዓረፍተ ነገሩ የእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ ብንጣላ ቶሎ ይበርድ ነበር። በአማርኛ ሁለታችንም አፈኛ ስለሆንን እኩል ለእኩል ተሰዳድበን እንለያያለን። በእንግሊዝኛ ግን እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝ፤ እሱ ከሰባተኛ ክፍል ወደ ሽንኩርት የገባ። ስለዚህ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቢያንስ እስከ ሐሙስ።

ከየት ልጀምር? ከሚስተር ኮሊን ልጀምር። ሚስተር ኮሊን እንግሊዛዊ ነው። የአገሩን ማንጎ ከውጭው ጋር ማዳቀል ሊያስተምር ከዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት መጣ። ማረፊያ ተሰጥቶት ነበር፤ ግን የቆላው ሙቀት ከቆርቆሮ በታች እንዴት እንደሚቀቅል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ማሳችን ላይ ሲያስተምር ውሎ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር የጠፍር አልጋ አየ። ጋደም አለ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም ማለት ይቻላል። ሻንጣውን ሰይድ ሄዶ አመጣለት።

እናቴ «ቀዩ ልጄ» ትለዋለች። ሰይድና እሱ ማሳ ውለው ማሳ ያመሹ ነበር። ከአማርኛችን አጥርቶ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አብሽር»። ችግኝ ሲደርቅ አብሽር። ፍየል ሸሚዙን ስትበላ አብሽር። ጎረቤታችን ልጁን ሲድር እንኳ ሙሽራውን ጨብጦ አብሽር አለው፤ ለነገሩ ይህኛው ብዙም አልተሳሳተም።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ በስልክ እንጻጻፍ ነበር። ማለቴ ሰይድ ይናገራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የቤቱ እንግሊዝኛ እኔ ነኝ። ሌላው ቤት ወፍጮ ይኖረዋል፣ እኛ ቤት እኔ አለሁ።

ሐሙስ የተጣላነው ሚስተር ኮሊን ሊጠይቀን ሊመጣ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ማታ ይሳፈራል፣ እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ ይገባል። ሰይድ ኤርፖርት ሄዶ ሊቀበለው ነው። ይህንን ብቻ ነው ጻፍ ያለኝ።

እኔም ጻፍኩ። በአማርኛ ብመልሰው እንዲህ ነው፦ «ክቡር ሆይ፤ ይህን ወርቃማ አጋጣሚ በመጠቀም፣ ታላቅ ወንድሜ በዕለተ እሑድ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሊገኝ እንደሚችል በታላቅ ትሕትና ላሳውቅዎ እወዳለሁ።»

አትሳቁ። እኛ እንግሊዝኛ የተማርነው ልንናገርበት ሳይሆን ልናመለክትበት ነው። ያለ ወርቃማ አጋጣሚ የተጻፈ እንግሊዝኛ ሳይ ሱሪውን ረስቶ የወጣ ሰው ያየሁ ያህል እደነግጣለሁ።

ሰይድ ተርጉምልኝ አለ። ተረጎምኩለት።

«ሊገኝ እንደሚችል ማለት ምንድን ነው? እገኛለሁ ወይስ አልገኝም?»

«ትገኛለህ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አላልከውም?»

«ጨዋነት ነው።»

«ጨዋነት አይደለም፣ ሰውየውን ማስጨነቅ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ‹ይገኝ ይሆን ወይስ አይገኝ› ሲል ይደር? ወዲህ በል!»

ስልኩን ነጠቀኝ። በዚያ ሽንኩርት ባጠቆረው አውራ ጣቱ አንድ በአንድ እየወጋ ጻፈ። «ሰንደይ። አይ ኤርፖርት። ዩ ከም። ማንጎ ጉድ።» ከዚያ ላከው። ማንጎውን ምን አመጣው? ማንም ስለ ማንጎ አልጠየቀም! ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አንድ ዓመት ሙሉ በእኔ እንግሊዝኛ የተከበረ ቤት በአራት መስመር ተዋረደ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «በጣም ግልጽ ነው። አብሽር!»

«አየህ?» አለ ሰይድ። «ፈረንጅ እዚያ ማዶ ሆኖ ፊትህን አያይም። ፊትህን ለማያይ ሰው ነገሩን ራቁቱን ስጠው።»

«አንተ እንግሊዝኛውን እንደ ሽንኩርት ላጥከው እኮ!»

«ሳይላጥ የበላኸው ሽንኩርት አለ?»

ሳቅኩ። መሸነፌ አናዶኝ ግን ስልኩን ተቀብዬው ወደ ጓሮ ሄድኩ። እራት በላን። እሱ ነጠላ ጫማውን ደጃፍ ላይ ትቶ ገባ። ሌላ የምነግራችሁ የለም። ተራ ቀን ነበር።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። ከደብረ ሲና በላይ ጉም ነበር። ስለዚያ ሌላ አልጽፍም።

ረፋዱ ላይ እኔ ማሳ ነበርኩ፤ ውሃ ወደ ትልሙ እየመለስኩ። አጎቴ ጋሼ ይማም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በቦዩ በኩል ሲመጡ አየሁ። ጋሼ ይማም ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ሁሉ ነገር አዋቂ ናቸው። በሥራ ሰዓት፣ ነጭ ለብሰው፣ በጭቃ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲመጡ ማወቅ ነበረብኝ። የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም እንዴ? ወይፈን ጠፋ ብሎ ነጭ የሚለብስ አለ?

«ሰይድ እግሩን ትንሽ ተጎድቷል» አሉ ጋሼ ይማም።

«የትኛውን?» አልኩ።

«ቀኙን» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ግራውን» አሉ ሌላው፤ እኩል።

ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እየሮጥኩ ቤት ሄጄ የሰይድን ነጠላ ጫማ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ሐኪም ቤት ሲተኛ ይፈልገዋል ብዬ። ከዚያም ቆሜ አሰብኩ፤ አንድ እግሩ ከታሰረ አንዱ ጫማ ይበቃው ይሆን? የትኛው? ስላላወቅኩ ሁለቱንም ያዝኩ። ያንን ፌስታል አንጠልጥዬ መንገድ ዳር መኪና ስጠብቅ፣ ሱቅ ያለው ያውቃል፣ ባጃጅ የሚነዳው ያውቃል፣ ማንጎ የምትሸጠዋ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ጫማ የያዝኩት። አንድም የሚቆምልኝ መኪና የጠፋው ለምን እንደሆነ የገባኝ ጋሼ ይማም ከኋላዬ መጥተው ፌስታሉን ከእጄ ሲወስዱት ነው።

ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ሰው ዳሱ ውስጥ ሰሌን ላይ እንደተቀመጠ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሚስተር ኮሊን ነው። «ለእሑድ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል? ሰይድ የትኛው በር ላይ ይቁም?»

ለጋሼ ይማም ተረጎምኩላቸው። ዳሱ ተንሾካሾከ። ሰውየው ነገ ማታ ይሳፈራል። ሳይነገረው ከመጣ ኤርፖርት በር ላይ ቆሞ ሰይድን በዓይኑ ይፈልጋል። አንድ ነገር መባል አለበት፤ ዛሬ ወይ ነገ። የቤቱ እንግሊዝኛ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ልንገረው» አልኩ።

«ምን ብለህ?» አሉ ጋሼ ይማም።

«እንደሆነው።»

ሽማግሌው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በጥፊ የመታኋቸው ነው የሚመስሉት።

«ሰውየው የዚህ ቤት ልጅ ነው» አሉ ጋሼ ይማም። «ከዚህ ሰሌን ላይ በልቶ ተኝቷል። የቤት ልጅ መርዶ እንዲህ ነው የሚረዳው? ብቻውን ቆሞ፣ በስልክ፣ ዱብ? መርዶ ወግ አለው። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል። ቀጥሎ ጠንቶበታል። ልቡ እየተዘጋጀ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ በማለዳ ከብበነው እንነግረዋለን።»

«እሱ ፈረንጅ ነው፣ ጋሼ። አሞታል ካልነው አሞታል ብሎ ነው የሚረዳው።»

«ፈረንጅ ልብ የለውም?»

እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ልብ ከተነሳ የሚረታ የለም።

በዚህ መሀል መምህር ክፍሌ ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ከእኛ በታች ነው። ቀትር ላይ መቃብሩን ሊቆፍሩ አካፋ ይዘው ከመጡት የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ መነጽራቸውን ጠርገው ለሌላው ቁፋሮ ተዘጋጁ።

«ምን እንበለው?» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ እናለዝበዋለን» አሉ።

ምን ይባላል? ጠዋት እኔን ያሉኝን ነው የጻፍነው። «ሰይድ እግሩን ትንሽ ተጎድቷል።» መምህር ክፍሌ ከፊቱ «በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኝ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል አስገቡበት። ላክነው።

መልሱ ለመድረስ አፍታ አልፈጀም። «የትኛው እግሩ?»

ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠዋት አንድ አፍ ባለመሆናችን ነው የተዋረድነው። አሁን እንስማማ። ግራ ይባል።»

«ለምን ግራ?»

«ግራ ይቀላል።»

በግራ ላይ ክርክር ተነሳ። ከጀውሃ የመጡ አንድ ዘመድ ሰይድ ግራኝ ስለነበረ ቀኝ ይሻላል አሉ። ሌላው ደግሞ እግርና እጅ ምን አገናኛቸው አለ። እኔ ስልኩን ይዤ መሀል ተቀምጫለሁ። ወንድሜን ከቀበርኩ ገና ጀንበር አልጠለቀችም፤ ጎልማሳው ሁሉ የትኛው እግሩ ይሰበር ብሎ ይመክራል። ግራ አልኩት።

«ከጉልበት በላይ ወይስ በታች? አጥንቱ ወጥቷል? የኤክስሬዩን ፎቶ ላክልኝ።»

ስተረጉምላቸው ጋሼ ይማም ሰሌኑን በመዳፋቸው መቱት። «ይህ ሰው ምን ሆኗል? ሰው ታመመ ሲሉት ደንግጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹እንዴት ነው?› ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ይገባዋል። ምን ፎቶ ያስፈልገዋል!»

«ዝም አይልም፣ ጋሼ። እየረዳን ነው።»

«እሺ፤ ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ጠንቶበታል በለው።»

መምህር ክፍሌ ይህንን ራሳቸው አረቀቁት። ጥሩ እንግሊዝኛ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ አልጻፍኩም። «ሁኔታው ከትሑት ግምታችን በተወሰነ ደረጃ ዝቅ እያለ መሆኑን ስንገልጽ» ምናምን ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ከጣርማ በር ዋሻ ይረዝማል፤ የገባ ሰው ማዶ ብርሃን እስኪያይ ምን ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ላክነው።

ሚስተር ኮሊን ትንሽ ቆየ። ጋሼ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ልቡ እየሰማ ነው።»

መልሱ መጣ። «እግሩን እንዳይቆርጡት! የአጥንት ሐኪም ጓደኛ አለኝ፤ አሁን አነጋግሬዋለሁ። የትኛው ሐኪም ቤት ነው? ለሰይድ አብሽር በልልኝ።»

ከዚህ ሁሉ ዳሱ የሰማው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው።

«አብሽር አለ?» አሉ ጋሼ ይማም። «አብሽር ካለ ገብቶታል! ለኀዘን ነው ያለው!» እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሽማግሌው ሁሉ ዘረጋ። አሜን፣ አሜን። ኧረ አልገባውም! ፍየል ሸሚዙን ስትበላም እኮ ይህንኑ ነው ያለው! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ዘጋሁት።

ዱዓው ሳያልቅ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ምን ይላል?»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። መምህር ክፍሌ በትከሻዬ በኩል አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ክራንች ይዞለት ሊመጣ ነው» አልኩ። «ቀላል፣ የሚረዝም የሚያጥር። ዛሬ ይገዛዋል። ‹የሰይድ ቁመት ስንት ነው?› ይላል።»

ቀትር ላይ የሰይድን ቁመት የለኩት ጋሼ ይማም ናቸው። መቃብሩ እንዳያጥር በማሽላ አገዳ ነው የሚለካው። በሰይድ ልክ ጫፉን በቢላዋ ቆርጠው፣ እያነከሱ ወደ ቆፋሪዎቹ ይዘውት ሄዱ። ማን መልሶ እንዳመጣው እንጃ፤ ያ አገዳ ዳሱ ቋሚ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሁላችንም አየነው።

«አንቱ ያውቁታል፣ ጋሼ» አልኩ። ክፉ ንግግር ነው። አመለጠኝ።

ጋሼ ይማም ኩታቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ተነሳ፣ ወረደ። ቆይተው፣ መግሪብ አዛን ሲል፣ «ተወው አሁን» አሉ። «ማለዳ ንገረው። እንደምታውቀው አድርገህ። ግን አደራ፤ ብቻውን ሆኖ አይስማ። ባዶ ሆዱንም አይስማ። ቆሞም አይስማ።»

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ማንጎው ሥር ጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝ አገር ገና አልነጋም። የሌላ ሰው ንጋት መጠበቅ እንዲህ አስጨናቂ መሆኑን አላውቅም ነበር። ፀሐይ ግቢው ውስጥ ገብታ እግሬ ላይ ደረሰች። መምህር ክፍሌ በአጥሩ በኩል መጥተው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ሲያረቁ ነው ያደሩት፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አመስግኜ ተቀበልኳቸው። ግንባሬን ነክተውኝ ወደ ዳሱ ገቡ። ወረቀቱን አልከፈትኩትም። ኪሴ ውስጥ አለ፤ የሚያምር እንግሊዝኛ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ጋሼ ይማም ከዳሱ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ሚስተር ኮሊን፣ ቤት ውስጥ ከአንተ ጋር ሰው አለ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ባለቤቴ አለች። ለምን?»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አሁን በላሁ። ሰይድ እንዴት አደረ?»

«ቁጭ በል።»

«ተቀምጫለሁ» አለ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል መምህር ክፍሌ በዜማ ነው ያስተማሩን። ዳይ፣ ዳይድ፣ ዳይድ። ቆርቆሮው ሥር በሙቀት ተጠብሰን፣ ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እንጮኸው ነበር። በአማርኛ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድም ጊዜ ከአፌ አልወጣም። «ሰይድ እኮ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ሰው «አውቀናል፣ አውቀናል» ብሎ ያቀፈኛል። እስከ መጨረሻው ያስኬደኝ ሰው አልነበረም።

ጻፍኩት። አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቴ፣ እንደ ሰይድ እየወጋሁ።

«ሰይድ ትናንት ጠዋት ሞተ። መኪና ነው። እግሩ አይደለም። ትናንት ቀበርነው።»

ክቡር ሆይ የለበትም። ወርቃማ አጋጣሚ የለበትም። ላክሁት።

መድረሱን አየሁ። መነበቡን አየሁ። ከዚያ እየጻፈ መሆኑን የምታሳየው ምልክት መጣች። ጠፋች። መጣች። ጠፋች።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ይማም።

«ምንም። ይጀምራል፣ ይተዋል።»

«ምን ፈልጎ?»

«ቃል መሰለኝ።»

«የገዛ ቋንቋው አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

ጋሼ ይማም ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። ምልክቷ መጣች። ጠፋች። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጠፍር አልጋው ላይ ወጡና አጠገቤ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«አታጣድፈው» አሉ። «አብረነው እንቀመጥ።»

ስልኩን መሀላችን አስቀመጥነው።